እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ገደለ፤ ፕሮፌሰሩን ማን አደከማቸው?

(በድሬዳዋ ከተማ፣ ሳቢያን፣ ለጤና ተማሪዎችና ለሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ዘመኖቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ድሬዳዋ ላይ "ስለ አንድ ፕሮፌሰር ልናገር ነው" ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። እዚህ ከተማ "ፕሮፌሰር" እና "ሕክምና" የሚሉ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ከተነሱ ሰው ሁሉ የሚያስበው አስራት ወልደየስን ነው። ልጅነታቸውን በዚህችው ከተማ ያሳለፉ ናቸውና ማንም አይፈረድበትም። የቀዶ ሕክምናውን፣ የሕክምና ፋኩልቲውን፣ በ1993 ከዩኒቨርሲቲ መባረራቸውን፣ እስሩን፣ በመጨረሻም በ1999 በሰው አገር ማረፋቸውን የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። የዛሬው ሰውዬ ግን ሌላ ናቸው። በሽተኛ አስተኝተው የሚያክሙ ሐኪም አልነበሩም። በሽታውን ሰው ዘንድ ሳይደርስ ወንዝ ዳር ጠብቀው ለመያዝ የሞከሩ ተመራማሪ ነበሩ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ይባላሉ።

ለምን እሳቸውን? ለምንስ ሳቢያን ላይ? ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት ድሬዳዋ ገባ። ስሙን እንኳ በወጉ ሳንለምደው ሰዉን አልጋ ላይ አዋለው። በ2019 ቺኩንጉኒያ መጣ። አጥንት የሚሰባብር፣ ጎልማሳውን እንደ ሽማግሌ የሚያጎብጥ በሽታ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማው ሕዝብ ቀመሰው። በ2022 ደግሞ ወባ፣ ያውም ዝናብ በሌለበት ወራት! ሦስቱንም ያመጣብን ቤታችን ባጠራቀምነው ውኃ ውስጥ የሚፈለፈል ትንኝ ነው። ስለዚህ "እዚህ አገር በሽታን የሚያጠናው ማነው? ሲያጠናስ ማን ያምነዋል?" የሚለው ጥያቄ ለእናንተ ተረት አይደለም። የአክሊሉ ለማ ሕይወት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። አሜሪካ ሄደው ተማሩ፤ በመጨረሻም በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቱ፣ ዶክትሬታቸውን በ1964 አገኙ። በዚያው ዓመት አድዋ ላይ ናቸው። ሥራቸው ቢልሃርዚያን ማጥናት ነበር።

ቢልሃርዚያን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትል ነው። የታመመ ሰው በሰገራው ወይም በሽንቱ የትሉን እንቁላል ወደ ውኃ ይጥላል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል። እዚያ ይራባል፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ ትል ሆኖ ይወጣል። ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ መስኖ የሚያጠጣ ሰው እግሩን ሲነክር ቆዳውን በስቶ ይገባል። ጉበት፣ አንጀት፣ እንደ ትሉ ዓይነት ደግሞ የሽንት ፊኛ ይጎዳል። ቶሎ አይገድልም፤ ሰውን እያመነመነ፣ ልጅን ከትምህርቱ እያስቀረ ዓመታት ይቀመጣል። ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ የሽንት ፊኛ የሚያቆስለው ዓይነት አለ። የደጋውና የወይናደጋው ወንዝ የሚያዛምተው ደግሞ የአንጀቱን ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱን አያችሁት፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መሸጋገሪያ የለውም።

ወጣቱ አክሊሉ አድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ይቆጥራሉ። እንግዲህ ዶክተር ተብሎ ጭቃ ውስጥ ቀንድ አውጣ መቁጠርን ምን ትሉታላችሁ? ሲቆጥሩ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው በሚወርድበት በኩል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል። ከላይ ግን በሕይወት አለ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነው። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ የሚያነጡበት፣ ፍሬው ተወቅጦ አረፋ የሚሰጠው ያው እንዶድ! አክሊሉ አንዷን አጣቢ ለመኗት፤ ሕያው ቀንድ አውጣ ካለበት ዕቃ ውስጥ ከአረፋው ጨመረችላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ግኝቱ ይኸው ነው። አንድ ቀን ወንዝ ዳር፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ዕቃ። ሚሊዮን ብር የለ፣ ማሽን የለ። የዚያች ሴት ስም እኔ ባነበብኩት ሁሉ የለም፤ ይህንን እያዘንኩ ነው የምናገረው። ሴቶቹ እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል፤ እጃቸው ላይ ነው ያደገው። ያላወቁት ቢኖር የቀንድ አውጣውንና የሆድ ሕመሙን ዝምድና ነበር። ያንን ደግሞ ሰውዬው ጆንስ ሆፕኪንስ ተምረውት መጥተዋል። ሁለቱ ዕውቀቶች አድዋ ላይ ተገናኙ። ላቦራቶሪያቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ኖሮ አይገናኙም ነበር። ተማሪዎች፣ ይህቺን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመን ነው። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ተቋም እሱ ነው። በቢልሃርዚያ ብቻም አልተወሰኑም። በደጋው አገር ፊት የሚያበላሸውን ቁንጭርን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1969 ጥናታቸውን አሳትመዋል። የእንዶዱን ጉዳይ ግን አልለቀቁትም። እንዶድ ሁሉ እንዶድ አይደለምና አንዱ ዛፍ ከሌላው ይበረታል። የዕፅዋት ባለሙያው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዝርያ እየሰበሰቡ፣ እያበቀሉ፣ እያወዳደሩ ብርቱውን መረጡ። "እንዶድ 44" የሚባለው ዝርያ የወጣው ከዚህ ልፋት ነው። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ደግሞ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ነጥለው ሲያወጡት "ለማቶክሲን" ብለው ሰየሙት። አባት ለማ ስማቸው የኬሚካል ስም ሆነ ማለት ነው።

የወረቀት ግኝት ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ አድዋ ላይ ተሞከረ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል የከተማው ወንዝ በእንዶድ ታከመ። ውጤቱ? ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት አሥር የአሜሪካን ሳንቲም ገደማ! በዚያን ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዝዘው የቀንድ አውጣ መግደያ የጀርመኑ የባየር ኩባንያ ኬሚካል ነበር። አንዱ ቶን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ድሀ አገር ያንን ገዝቶ በየወንዙ ሊያፈስ?

አሁን "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ይኸው ገንዘብ፣ ቀጥሉ" የሚላቸው ሰው ይጠበቃል አይደል? ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

የተባሉት "መርዛማ አለመሆኑን አረጋግጡ" ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነውና መጠየቁ ግድ ነበር። እኔ እዚህ ላይ ሰውዬውን ለማግነን ስል ነገር አልደብቅም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ዓሣም ይገድላል። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ደግሞ በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ መደጋገም ያስፈልጋል። በጎ ጎኑ ውኃ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ፈራርሶ መጥፋቱ ነው። ይህ ሁሉ በሳይንስ ሚዛን የሚመዘን ነው፣ ይመዘን። ያስቆጣው ነገር ሌላ ነው። እዚህ የተሠራው ምርመራ አልበቃም። "በዓለም አቀፍ ደረጃ በጸደቀ ላቦራቶሪ ይደገም" ተባለ። የጸደቀው ላቦራቶሪ ሁሉ ያለው ሀብታም አገር ነው። ለዚያ የሚሆነው ገንዘብም እዚያው ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ ደኅንነቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል! ውኃ ለመቅዳት እንስራ፣ እንስራ ለመግዛት ውኃ ሸጠህ ና ማለት አይደለም እንዴ?

ዓመታት በዚህ አለፉ። አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ሥር መሥራት ጀመሩ። ወንበር አገኘሁ ብለው እንዶዱን አልጣሉትም። በ1983 ሉሳካ ላይ፣ በ1986 ምባባኔ ላይ፣ ስለ እንዶድ ብቻ የሚመክሩ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ስብሰባዎች ተደረጉ። አፍሪካውያን ከሌላው ዓለም ሳይንቲስቶች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ አውጥቶ ያ "የጸደቀ" የተባለው የመርዛማነት ምርመራ ተሠራ። አሥራ ዘጠኝ ስልሳ አራትን አስታውሱና ቁጠሩ፤ እስከዚህ ሲደርስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። የዚያን ጊዜ አድዋ ላይ ስድስት ዓመት የነበረው ሕፃን ከሠላሳ ዘሎ ልጆች ወልዷል።

እስከዚያው ዓለም ዝም ብሎ አልቆመም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን መጣ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚሰጠው እሱ ነው። ኪኒኑ ሲገኝ "ቀንድ አውጣውን ተዉት፣ ሰዉን አክሙ" ተባለ። ነገር ግን ኪኒን የዋጠ ልጅ ነገ ያንኑ ወንዝ ይገባል፤ ተመልሶ ይያዛል። ይህንን አክሊሉ ድሮ ብለውት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የቢልሃርዚያ መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠርም ከኪኒኑ ጎን እንዲሄድ መክሯል። ምነው ቀደም ብላችሁ ቢሆን! ያሰኛል።

በ1989 ስዊድን ውስጥ "አማራጭ ኖቤል" የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አብረው ተቀበሉ። አንዱን አግንኖ ሌላውን መርሳት የኛ አመል ስለሆነ የሁለተኛውን ስም ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት። ሽልማቱ የተሰጠው ለግኝቱ ብቻ አልነበረም፤ ለግኝቱ ያለመታከት በመሟገታቸው ጭምር ነው። ሳይንቲስት በሙግቱ ሲሸለም አይገርማችሁም? የላቦራቶሪው ሥራ ሳይሆን የደጅ ጥናቱ ይበልጥ ከባድ እንደነበር ሸላሚዎቹም አውቀውታል። አክሊሉ ራሳቸውም ትልቁ እንቅፋት ሳይንሱ ሳይሆን አፍሪካዊ ተመራማሪ የሚታይበት ዓይን መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። በኋላ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ በነበረው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በሚያዝያ 1997 ዕድሜያቸው 61 እንደሆነ በተማሩባት ባልቲሞር አረፉ።

የቶሌዶን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ይህቺ ለብቻዋ ጋዜጣ የምትሞላ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ጥቃቅን ባለቅርፊት እንስሳ በመርከብ ተጭኖ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። የውኃና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን ቱቦ እየደፈነ አሜሪካኖቹን መድረሻ አሳጣቸው። ኦሃዮ ውስጥ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶዱን ቢሞክሩት ይህንንም እንስሳ አሸነፈው። ያን ጊዜ "ወረቀቱ ይደገም" ብሎ ሃያ አምስት ዓመት ያቆመ ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ፓተንት፣ አወጣበት። የአክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ተርታ አለ፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። "የአድዋ ሴቶች ዕውቀት እንዴት የኦሃዮ ንብረት ይሆናል?" የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ ተነሳ። እስከ ዛሬም የድሀ አገር ዕፅዋትና ዕውቀት ስለሚነጠቅበት መንገድ ሲወራ እንዶድ በምሳሌነት ይጠቀሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ፓተንቱ ብቻ አይደለም። የድሀ ሕፃን ሆድ ሲታመም ሩብ ምዕተ ዓመት የጠየቀው ነገር የሀብታም ቱቦ ሲደፈን በጥቂት ዓመት ማለቁ ነው።

እና እኛስ? ሁሉን በፈረንጅ አላክክም። እንዶድ አገራችን ውስጥ በየአጥሩ የሚበቅል ነው። እኛ ራሳችን በየወረዳው አልምተን፣ በየወንዙ አድርሰን "ይኸው ሠራንበት" ብንል ማን ይከለክለን ነበር? ሦስት ሥርዓት ተቀያይሯል። በሦስቱም ውስጥ "የራሳችን ግኝት" ብሎ መፎከር እንጂ በጀት መመደብ አልሆነልንም። ተቋሙን በስማቸው ሰይመናል፤ መልካም። ስም መስጠት ርካሽ ስለሆነ ነው መሰል እጃችን አይሰስትበትም።

አሁን ወደ ሳቢያን እንመለስ። ለከተማዋ የሚጠጣ ውኃ ከሚቀዳባቸው ጉድጓዶች ሳቢያን ላይ የተቆፈሩት አሉ። ውኃው ከእናንተ እግር ሥር ይወጣል፤ እናንተ ግን ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶ ታጠራቅማላችሁ። አቦ፣ ማን ወዶ ያጠራቅማል? ይህንን የወደደላችሁ ግን አለ። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ ነው። የለመድነው የወባ ትንኝ ገጠር ነው፣ ረግረግ ነው፣ ዝናብ ነው የሚፈልገው። ይኼኛው ከተማ ይወዳል፤ በርሜልና የግንባታ ውኃ ይበቃዋል፤ በጋም ይሁን ክረምት ግድ የለውም። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ያገኙትም ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው የወባ በሽተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ብቻ ከ2,400 በለጠ። ያን ጊዜ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የመጡ ኢትዮጵያውያን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በየቤቱና በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤቶች ዞሩ። የታመመው ሰው ቤት አካባቢ ማን ተይዟል? የትኛው በርሜል ውስጥ ምን እጭ አለ? ትንኙን ይዘው ሲመረምሩት የወባውን ተዋህሲ ምራቁ ዘንድ አገኙት። ከዚህም የባሰ አለ። ተዋህሲው መድኃኒት የለመደ ምልክት የያዘ፣ በጤና ጣቢያ በሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያም የማምለጥ ባሕርይ ያለው ነበር። ጥናቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው ታላቅ መጽሔት ታተመ። ይህ ትንኝ በአፍሪካ ከተማ ውስጥ ወረርሽኝ እንደሚያስነሳ እስከዚያ ጊዜ ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ የጠነከረው የወጣው ከእናንተ ከተማ ነው፤ ከእናንተው ደም፣ ከእናንተው በርሜል።

ከአክሊሉ ዘመን ጋር አስተያዩት። ያኔ የኢትዮጵያዊ ጥናት "ይደገም" ይባል ነበር፤ ይኼኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ዓለም አመነው። ይህ ለውጥ ነው፣ አልክድም፤ መንገዱን የጠረጉት ደግሞ እነ አክሊሉ ናቸው። የቀረው ጉዳይ የመጨረሻዋ እርምጃ ነች፤ ከመጽሔቱ እስከ በርሜሉ። አድዋ ላይ ጥናቱ ወንዙን አክሞ ነበር የሚያልቀው። ሳቢያን ላይ ጥናቱ ታትሞ አለቀ ወይስ በርሜሉ ተከደነ? ደም የሰጠው ሰው ውጤቱ ምን እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ ተነግሮታል? ውኃው በፈረቃ መሆኑ እስከቀጠለ "አታጠራቅሙ" ብሎ መምከር ምን ይረባል? ይህ የትንኝ ባለሙያ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም፤ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱም፣ የከተማው አስተዳደርም፣ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤትም አብሮ ይጠየቅበታል።

ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ጠፋን የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ መቶ እርምጃ ሂዱ። በርሜሎቹን ክፈቱ፣ እጩን ቁጠሩ፣ የትኛው ክዳን እንደሚሠራ የትኛው እንደማይሠራ እናቶችን ጠይቁ። የጠየቃችኋትን ሴት ስም ደግሞ፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ጽሑፋችሁ ላይ አስፍሩ።

ለጥያቄ የተመደበው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው ብለውኛል። ስለ ፓተንቱ የሚጠይቅ ሰው ከኋላ እጁን ቀድሞ አውጥቷል፤ ከእሱ እንጀምር።